እቁብ (ለንግድ መነሻ)

እቁብ አባላት በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ገንዘብ እየጣሉ የተሰበሰበውን በዕጣ ተራ በተራ የሚወስዱበት የቁጠባ ማኅበር ነው። ለባንክ የሚያስይዘው ንብረት የሌለው ባለ ሱቅ ወይም የጉሊት ነጋዴ መነሻ ገንዘብ የሚያገኝበት የቆየ መንገድ ሲሆን፣ በመርካቶ ነጋዴዎች ዘንድ የዕለት እቁብም የተለመደ ነው።

20 ሰዎች በሳምንት 500 ብር ቢጥሉ አንዱ ዕጣ 10,000 ብር ይሆናል፤ ዙሩም በ20 ሳምንት ያልቃል። መጀመሪያ የወጣለት ያለ ወለድ የተበደረ ያህል ነው። መጨረሻ የደረሰው ግን የራሱን ቆጥቦ ከመውሰድ አያልፍም፤ ኑሮ ሲወደድ እንዲያውም ይጎዳል። ዕቃ ለመሙላት የቸኮለ ነጋዴ ዕጣ ለወጣለት ሰው ጥቂት ብር ከፍሎ ተራውን ይገዛል፤ ይህ ክፍያ፣ ስሙ ባይጠራም፣ ወለድ ነው።

ባለ ዕጣው ገንዘቡን የሚረከበው ዋስ ጠርቶ ነው። የእቁቡ ዳኛ ተቆጣጣሪ፣ ጸሐፊው ደግሞ መዝጋቢ ነው።

ጀማሪ ነጋዴ የሚሳሳተው የሚጥለውን ገንዘብ ከትርፉ ሳይሆን ከዕቃ መግዣው ሲያነሳ ነው፤ ዕጣው እስኪደርሰው መደርደሪያው ይራቆታል። የዕለት ሽያጩን ገና በቅጡ ያላወቀ ሰው ከዕለት እቁብ ይልቅ አነስተኛ የሳምንት እቁብ ቢገባ ይሻለዋል።