ቸርችል፦ ታሪክ ጽፎ የተሸለመው ሰው



አዲስ አበባ ውስጥ ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርደው መንገድ ቸርችል ጎዳና ይባላል። ስንቶቻችን ነን "ሰውየው ማን ነበር?" ብለን የጠየቅነው? (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ ናቸው።)

ዊንስተን ቸርችል በ1874 ተወለደ። በ1898፣ ገና የ23 ዓመት መኮንን ሳለ፣ ሱዳን ኦምዱርማን ላይ ተዋጋ። በዚያ አንድ ቀን በመድፍና በመትረየስ 10 ሺህ ያህል ሱዳናውያን ረገፉ፤ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጦር የሞቱት ግን 50 እንኳን አይሞሉም። በዓመቱ ስለ ዘመቻው ባሳተመው መጽሐፍ እስልምናን ክፉኛ ዘለፈ። በዚያው መጽሐፍ ግን አዛዡ ኪችነር የመህዲን መቃብር ማፍረሱን ነቀፈ፤ በቁስለኞች ላይ የተፈጸመውንም ግፍ አልሸፈነም።

በ1940 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነና ሂትለርን ተቋቋመ። በ1941 የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቻችን ጋር ሆኖ ጣልያንን ከሀገራችን አስወጣ። በ1940 ደግሞ ካቢኔው ለንደን ውስጥ ለመስጂድ የሚሆን ቦታ እንዲገዛ 100 ሺህ ፓውንድ ፈቀደ። በቅኝ ግዛቶቹ ሚሊዮን ሙስሊሞች ነበሩና ድጋፋቸውን ይፈልግ ነበር።

በ1943 ግን ሙስሊሞች በሚበዙባት ቤንጋል ረሃብ ገባ። በርማ በጃፓን ተይዛ ሩዟ ቀርቷል፤ አውሎ ነፋስ ሰብሉን መትቷል፤ የእህል ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ከሕንድ "እህል ላኩልን" የሚል ተማጽኖ በተደጋጋሚ ቢደርስም ለንደን የመርከብ እጥረትን እየጠቀሰች ከተጠየቀው እጅግ ያነሰ ላከች። እስከ 3 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው አለቀ። የቸርችል ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የታሪክ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ።

በ1953 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ የሰላም ሳይሆን የሥነ ጽሑፍ ነበር፤ በታሪክ ድርሳኖቹና በንግግሮቹ። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት 6 ቅጽ ጽፏል፤ የቤንጋል ሟቾች ግን በትረካው ውስጥ ቦታ የላቸውም ማለት ይቻላል።

ወንድሞችና እህቶች! ዲናችን ጥላቻ ከፍትህ እንዳያስወጣን ያዘናል። ስለዚህ መልካሙን አንክድም፤ ግፉንም አንረሳም። ከሁሉም በላይ ግን ብዕር የያዘ ሰው የማንን ሞት እንደሚያስታውስ ራሱ ይመርጣል። የኛን አያቶች ታሪክስ ማን ይጻፍልን? ዛሬ ማታ አጠገባችሁ ያሉትን አዛውንት ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉት።

ወላሁ አዕለም።