የደኅንነት መስታወት ማንን ይጠብቃል?

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2000 አመሻሽ ላይ አንድ ቶርኔዶ የፎርት ዎርዝን መሀል ከተማ አቋርጦ የሁለት ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። በአርክቴክት ጆን ፖርትማን ንድፍ በ1974 የተሠራው ባለ 35 ፎቅ የባንክ ዋን ሕንፃ አልወደቀም፤ መስኮቶቹ ግን አብዛኞቹ ረገፉ። ስባሪው ለእግረኛ የሚያሰጋ ስለነበር መንገዶች ተዘጉ፤ ክፍት የቀሩት መስኮቶችም በኮምፔንሳቶ ተሸፈኑ። ምሰሶውና ወለሉ የጸና ሕንፃ መስታወቱን በማጣቱ ብቻ ለዓመታት ባዶውን ቆመ። እንዲፈርስ ታስቦ ነበር፤ በውስጡ ያለው አስቤስቶስ ግን ሥራውን አከበደው፣ ወጪውንም አናረው። በመጨረሻ በ2000ዎቹ አጋማሽ አዲስ መስታወት ለብሶ የመኖሪያ አፓርትመንት ሆነ።

ይህ ታሪክ «የደኅንነት መስታወት» የሚለውን ስያሜ እንደገና ለመመርመር ያስገድዳል። ፈረንሳዊው ደ ላ ባስቲ መስታወትን የማጠንከር ዘዴውን በፓተንት ያስመዘገበው በ1874 ነበር። ዛሬ ቴምፐርድ የሚባለው መስታወት ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋለ በኋላ በአየር ግፊት በድንገት ይቀዘቅዛል። ገጹ ሲታመቅ ውስጡ ይወጠራል፤ በዚህም ከተራው መስታወት አራት እጥፍ ያህል ይጠነክራል። ሲሰበርም እንደ ቢላዋ በሚቆርጥ ስንጣሪ ፈንታ ወደ ጥቃቅን ፍርፋሪ ይለወጣል። ሌላው ፈረንሳዊ ኤድዋር ቤኔዲክተስ በ1909 ያስመዘገበው ላሚኔትድ መስታወት መንገዱ የተለየ ነው፤ በሁለት መስታወቶች መካከል ያለው ስስ ሽፋን ስብርባሪውን አጣብቆ ይይዛል።

የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ1977 ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ በበርና በሻወር ቤት መስታወት ላይ የደኅንነት ደረጃን ግዴታ አደረገ። ይህ ተገቢ እርምጃ ነበር። ይሁንና የደንቡ መለኪያ ከመስታወቱ ጋር የሚጋጭ የሰው አካል ነው። ከ20ኛ ፎቅ በታች ባለው መንገድ የሚያልፈውን እግረኛ አላሰበም። ቴምፐርድ መስታወት ከተሰበረ ከነአካቴው ይረግፋል፤ የሚተወው ክፍት ቀዳዳ ነው። በዚያ ቀዳዳ የሚገባው ነፋስና ዝናብ የቀረውን የሕንፃውን ውስጥ ያወድማል።

ቴክሳስ ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ደርሷት ነበር። በ1983 አሊሺያ የተባለችው ሃሪኬን ሂዩስተንን ስትመታ፣ ከጣሪያ የተነሣ ጠጠር የሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎችን መስኮቶች ሰባብሯል። ደቡብ ፍሎሪዳም ከ1992ቱ የአንድሩ ሃሪኬን በኋላ መስኮቶች በሚወረወር እንጨት እየተመቱ እንዲፈተኑ ደነገገች። ነገር ግን በሀገር አቀፉ ሞዴል የሕንፃ ኮድ ውስጥ ይህን የመሰለው ግዴታ የተወሰነው በሃሪኬን ጠረፎች ላይ ነው፤ ከባሕር የራቀው የዳላስ–ፎርት ዎርዝ አካባቢ ከክልሉ ውጭ ቀረ። የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የቶርኔዶን ጫና በጭነት መመዘኛው ውስጥ ያስገባው በ2022 እትሙ ነው፤ እሱም በዋናነት እንደ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ላሉ ሕንፃዎች እንጂ ለተራ ቢሮና አፓርትመንት አይደለም።

ለዚህ ውሳኔ ምክንያት አለው። አንድን ሕንፃ ቶርኔዶ የሚያገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ሲሆን፣ የጠንካራ መስታወት ወጪ ግን በሁሉም ላይ ይወድቃል። የፎርት ዎርዝ ልምድ የሚያሳየው ግን ስሌቱ የሕንፃውን ባለቤት ብቻ ይዞ መቆም እንደሌለበት ነው፤ የተዘጋው መንገድና ለዓመታት ባዶ የቆመው ሕንፃ ዋጋ የተከፈለው በከተማው ነው።

ጉዳዩ አዲስ አበባንም ይመለከታል። በ2022 የተመረቀው ባለ 209 ሜትሩ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የመስታወት ግንባታ የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል። በከተማዋ የሚያሰጋው ቶርኔዶ አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሡት የመሬት መንቀጥቀጦች ግን በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ተሰምተዋል። ስለዚህ በጨረታ ሰነድ ላይ «ቴምፐርድ» የሚል ቃል መስፈሩ ብቻውን በቂ አይደለም። መስታወቱ ከምን ጋር ሊጋጭ እንደሚችል፣ ፍሬሙ ከሕንፃው ጋር ሲወዛወዝ ምን ያህል እንደሚችል፣ ቢሰበርም በማን ላይ እንደሚወድቅ ደንቡ ለየብቻ ሊጠይቅ ይገባል።