የቮልስዋገን (ቮልስ) መኪና የፋብሪካ ካርቡሬተርን በምትክ ካርቡሬተር ስለመቀየር፦ ባለንብረቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በተለምዶ «ቮልስ» በመባል የሚታወቀው አየር ቀዝቃዥ ቮልስዋገን በአገራችን መንገዶች ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሲያገለግል የቆየ ተሽከርካሪ ነው። ምርቱ በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ከተቋረጠ ወዲህ የእነዚህ መኪኖች ባለንብረቶች ያረጀ ካርቡሬተርን ከፋብሪካው ውጭ በተመረተ ምትክ ለመቀየር ይገደዳሉ። ሥራው ቀላል ቢመስልም አላግባብ ሲከናወን ለሞተር ብልሽት፣ ለእሳት አደጋና ለመርዛማ ጭስ ያጋልጣል። ይህ ጽሑፍ ባለንብረቶች ዕቃ ከመግዛታቸውና ተሽከርካሪያቸውን ለባለሙያ ከማስረከባቸው በፊት ሊያገናዝቧቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያብራራል።

1. መቀየር የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የነዳጅ ፍጆታ መጨመር፣ ሞተሩ በሚኒሞ አለመርጋት ወይም ጥቁር ጭስ መታየት ሁልጊዜ የካርቡሬተር ብልሽት ምልክት አይደለም። የካንዴላ፣ የፑንቲና የቫልቭ ክፍተት አለመስተካከል፣ እንዲሁም በማኒፎልዱ መገጣጠሚያዎች በኩል አየር መግባት ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ስለሆነም እነዚህ አስቀድመው ሊመረመሩ ይገባል። ካርቡሬተሩ ራሱ መቀየር ወይም መታደስ የሚኖርበት በተለይ የጋዝ መክፈቻው ዘንግ መቀመጫውን በልቶ ሲወዛወዝ ነው። በዚህ ክፍተት የሚገባው አየር በማስተካከያ ቡሎኖች ሊታረም አይችልም።

2. ለሞተሩ የሚስማማውን መለየት

የፋብሪካው ካርቡሬተር ሶሌክስ ሲሆን መለያው በአካሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። 28 ፒክት፣ 30 ፒክትና 34 ፒክት የሚባሉት ዓይነቶች የተለያየ መጠን ላላቸው ሞተሮች የተዘጋጁ ናቸው። ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ የመጣው መንታ መግቢያ ያለው የ1,600 ሲ.ሲ. ሞተር 34 ፒክት-3 ተገጥሞለታል። የ34 ፒክት መቀመጫ ከ30 ፒክት ስለሚሰፋ በቀደመው ማኒፎልድ ላይ ያለ አገናኝ ዕቃ አይገጥምም። ትልቅ ካርቡሬተር በትንሽ ሞተር ላይ መግጠም ጉልበት አይጨምርም፤ ይልቁንም ሞተሩ ጋዝ ሲሰጠው እንዲያመነታ ያደርጋል።

ከካርቡሬተሩ ጋር ዲስትሪቢዩተሩም መታየት አለበት። የ34 ፒክት-3 አሠራር በቫኪዩም ከሚሠራ ዲስትሪቢዩተር ጋር የተጣጣመ ነው። በሽክርክሪት ክብደት ብቻ የሚሠራው 009 የተባለው ምትክ ዲስትሪቢዩተር አብሮት ሲገጠም መኪናው ከቆመበት ሲነሣ የመታነቅ ችግር ይታያል። በተጨማሪም የቾኩ ማሞቂያና የነዳጅ መዝጊያው ቫልቭ በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ፣ በ6 ቮልት ለሚሠሩ ቀደምት መኪኖች የ12 ቮልት ዕቃ መግዛት ተገቢ አይደለም።

3. የአካባቢው ከፍታና የነዳጅ መጠን

ምትክ ካርቡሬተሮች በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ ተመጥነው ይመረታሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ጠለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ካርቡሬተሩ ግን የአየሩን መሳሳት ያህል ነዳጁን አይቀንስም። በመሆኑም ድብልቁ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ፍጆታም ይጨምራል።

መፍትሔው ዋናውን ጄት፣ ማለትም ነዳጁን የሚመጥነውን ባለቀዳዳ ቡሎን፣ በአነስተኛ መቀየር ነው። በጄቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ያመለክታል፤ 130 ማለት 1.30 ሚሊ ሜትር ነው። ለውጡ ደረጃ በደረጃ ተደርጎ የካንዴላው ቀለም መታየት ይኖርበታል።

ይሁን እንጂ ለአዲስ አበባ ተመጥኖ የተቀነሰ ጄት ይዞ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አፋር ቆላማ አካባቢ ረጅም ጉዞ ማድረግ ተቃራኒውን ችግር ያስከትላል። በዚያ አየሩ ስለሚወፍር ነዳጁ ያንሳል፤ ሙቀቱ ከመጠን በላይ ይጨምራል፤ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ቫልቩና ፒስተኑ ሊቃጠል ይችላል። በሁለቱም አካባቢዎች የሚንቀሳቀስ ባለንብረት የመጀመሪያውን ጄት ማስቀመጥና ከጉዞው በፊት ማስመለስ ይኖርበታል።

4. የእሳት አደጋን መከላከል

የነዳጅ ቱቦ የሚያያዝበት የካርቡሬተሩ የነሐስ አፍ በመግፋት ብቻ የተተከለ በመሆኑ ከጊዜ ብዛት ሊላላ ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ከወጣ ቤንዚኑ በጋለ ሞተርና በዲስትሪቢዩተሩ ላይ ይፈሳል። ስለዚህ፦

• ከመገጠሙ በፊት አፉ በእጅ ሲነቀነቅ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ዕቃው ሊገጠም አይገባም፤
• የነዳጅ ጎማዎች በሙሉ በአዲስ ተቀይረው በማሰሪያ ይጠበቁ፤
• የነዳጅ ፊልትሮ ከሞተሩ ክፍል ውጭ ይቀመጥ፤
• ሥራው ባትሪው ተነቅሎ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞና የእሳት ማጥፊያ በአጠገብ ኖሮ ይከናወን።

5. ከተገጠመ በኋላ የሚደረግ ማስተካከያ

ሞተሩ በሚገባ ሞቆ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ማስተካከያው ይጀመራል። በ34 ፒክት-3 ላይ ትልቁ ቡሎን የሚኒሞውን ፍጥነት፣ ትንሹ ደግሞ የድብልቁን መጠን ይወስናል። ትንሹ ቡሎን በቀስታ እስኪዘጋ ከገባ በኋላ ሁለት ዙር ተኩል ይከፈታል፤ ከዚያም ሞተሩ ፈጥኖ የሚዞርበት ነጥብ ይፈለጋል። ሚኒሞው በደቂቃ ወደ 850 ዙር እንዲሆን በትልቁ ቡሎን ይስተካከላል። የጋዝ ክንድ ማቆሚያውን ቡሎን በማጥበቅ ሚኒሞ ከፍ ማድረግ ስሕተት ነው።

ነዳጅ የበዛበት ሞተር ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። የቮልስ የውስጥ ማሞቂያ አየሩን የሚያሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ በማሳለፍ ስለሆነ፣ የተበሳ ማሞቂያ ይህን ሽታ የሌለው ጋዝ ወደ ተሳፋሪዎች ሊያስገባ ይችላል። ስለሆነም ማሞቂያውም አብሮ መመርመር አለበት።

6. ምዝገባና ዓመታዊ ምርመራ

የሞተር ቁጥር የሚገኘው በሞተሩ አካል ላይ እንጂ በካርቡሬተሩ ላይ ስላልሆነ ካርቡሬተር መቀየር በሊብሬ ላይ የሰፈረውን የሞተር ቁጥር አይለውጥም። ሞተሩ ራሱ ከተቀየረ ግን ጉዳዩ የተለየ ስለሆነ ባለንብረቱ ተሽከርካሪውን ወደ መዘገበው አካል መቅረብ ይኖርበታል። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ለሚደረገው ምርመራ ከመቅረባቸው በፊት ባለንብረቶች የነዳጅ ፍሳሽ አለመኖሩንና ጭሱ የተስተካከለ መሆኑን ቢያረጋግጡ ጊዜና ወጪ ይቆጥባሉ። የተነሣው የፋብሪካ ካርቡሬተርም ሊታደስ ስለሚችል ከመጣል ይልቅ ቢቀመጥ ይመረጣል።