የክራር ጆሮና የኤሌክትሪክ ጊታር

የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን በሰፊ ዋሻ ውስጥ ታንጾ ይገኛል። በ12ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የዛጉዌ ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ እንዳሠራው የሚነገርለት ይህ ሕንፃ፥ ግንቡ እንጨትና ድንጋይ ተራ በተራ እየተነባበሩ የቆመ ነው። በውስጡ ከበሮውና ጸናጽሉ የሚያገለግሉት ለዜማው ነው። የአንድ ከበሮ ድምፅ መልካምነትም የሚመዘነው ለብቻው ሲመታ ሳይሆን፥ ዜማውን ደግፎ ሲገኝ ነው። ይህ ሚዛን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ባለው ሙዚቃም የሚሠራ ሲሆን፥ ከባሕር ማዶ የመጣው የኤሌክትሪክ ጊታር በኢትዮጵያ የተዳኘው በዚሁ መንገድ ነው።

የወሎ ምድር ለአገራችን ሙዚቃ ያበረከተው ድርሻ ከቅኝቶቹ ስም ይታወቃል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ከትዝታ፥ ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስሞች ናቸው። ክራር ተጫዋች ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሻገር መቃኛዎቹን እያዞረ አውታሮቹን እንደገና ያስማማል፤ የመጨረሻው ፈራጅም የራሱ ጆሮ ነው። አጨዋወቱም ሁለት ዓይነት ነው። በድርድር አውታሮቹ አንድ በአንድ በጣት ይነካሉ። በግርፍ ደግሞ ቀኝ እጅ ሁሉንም ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ያፍናሉ። ማሲንቆ በበኩሉ ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት አውታር ብቻ ስላለው፥ ድምፁ ሳይቆራረጥ እንደ ሰው ልሳን ይንሸራተታል። እንግዲህ የኢትዮጵያዊው ሙዚቀኛ ጆሮ የተገራው በእነዚህ በሁለቱ፥ ማለትም በክራር ደረቅና አጭር ምትና በማሲንቆ ረጅም ልቅሶ ነበር።

የኤሌክትሪክ ጊታር በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ቀረበ። የብረት ክር በማግኔትና በመዳብ ሽቦ ጥቅል ፊት ሲርገበገብ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ ድምፅ ማጉያውም ያንን ያጎላዋል። የፌንደር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ስትራቶካስተርን፥ ጊብሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 ሌስ ፖልን አወጡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የጊታር ባለቤቶች ክርክር በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ ዙሪያ ሲሽከረከር ኖሯል። ነጠላ ጥቅል ያለው ፌንደር ጥርት ያለና ስል ድምፅ ሲሰጥ፥ ጊብሰን በኋላ የያዘው ድርብ ጥቅል ወፈር ያለና የሚዘገይ ድምፅ ይሰጣል። ለእጅ የሚሰጡት ስሜትም ይለያያል። የፌንደር ክር የሚርገበገበው ርዝመት 64.8 ሴንቲ ሜትር፥ የጊብሰን 62.9 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ፥ በአንድ ዓይነት ክር ሲቃኙ የጊብሰኑ ላላ ብሎ ለጣት ይታዘዛል።

ጊታሩ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ በመጀመሪያ የተቀመጠው በነሐስ መሣሪያዎች ጎን ነበር። የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ሙዚቃ በመለከትና በሳክስፎን የተመራ ነበርና ጊታሩ አጃቢ ብቻ ሆኖ ቆየ። በኋላ በየሆቴሉ የሚጫወቱ ትንንሽ ባንዶች ሲነሡ ግን ድርሻው ሰፋ። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ያስቀረጸው «እሬ መላ መላ» የዚህ ዘመን ምስክር ሲሆን፥ ጊታሩን የተጫወተው ሰላም ሥዩም ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1986 በቤልጅግ እንደገና ታትሞ ለውጭው ዓለም ደረሰ። ከአይቤክስ የወጣውም ባንድ ሮሃ ተባለ። ሮሃ የላሊበላ የጥንት ስሟ ነው።

ለኢትዮጵያዊው የጊታር ባለቤት ዋናው ጥያቄ ታዲያ የትኛው ስም የተሻለ ነው የሚል አልነበረም። የክራርን ግርፍ በጊታር ለማስመሰል የፈለገ ሰው ስል ድምፅና ቶሎ የሚቆም ምት ያስፈልገዋል። የማሲንቆን ልቅሶ የፈለገ ደግሞ የሚዘገይ ድምፅና በጣት ሲገፋ የሚሳብ ክር ያስፈልገዋል። ቀጭን ክር ለመግፋት ይቀላል፥ ነገር ግን ድምፁ ይሳሳል፤ ወፍራም ክር ድምፁ ሙሉ ነው፥ ነገር ግን ጣትን ያደክማል። ስለዚህ አንዱ ያመሰገነውን መሣሪያ ሌላው ቢነቅፈው ሁለቱም ሐሰት አልተናገሩም። የተለያየ ዜማ በጆሯቸው አለና።

ይሁን እንጂ ምርጫ የማይፈታው አንድ ችግር ነበር። የጊታር አንገት በፍሬት የተከፈለ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ስምንት ድምፅ በ12 እኩል ክፍል ይመተራል። ይህ አሠራር ተጫዋቹን በየቅኝቱ እንደገና ከመቃኘት ያድነዋል። ነገር ግን የአንቺ ሆዬ ድምፆች በክራር ሲቃኙ ከፍሬቱ ልክ ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ ባለ ክራሩ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርጋቸውን ፍሬቱ አጥብቆ በአንድ ቦታ ያስራቸዋል። ይህን እስራት ሊፈታ የሚችለው ክሩን ገፋ አድርጎ ድምፁን ወደሚገባው ቦታ የሚያደርስ ጣት ብቻ ነው። የጣቱን ልክ የሚያውቀው ደግሞ ክራርና ማሲንቆ የሰማ ጆሮ ነው።

ዛሬ ክራሩም በተራው የኤሌክትሪክ ድምፅ መቀበያ ተገጥሞለት በመድረክ ይሰማል። በይምርሐነ ክርስቶስ ግንብ እንጨቱና ድንጋዩ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ እንደተያያዙ ሁሉ፥ አዲሱና ነባሩ መሣሪያም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ጊታር በገንዘብ ይገዛል፤ የሚዳኘው ጆሮ ግን ከገበያ አይገኝም። የክራር ተማሪ በጠፋበት ዘመን የሚጎድለው አንድ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን፥ ጊታሩን ኢትዮጵያዊ ያደረገው ሚዛን ጭምር ነው።