የዩጂን ዓሣዎች፦ አንድ ሕዋስ ነርቭ የሚሆነው በማን ትእዛዝ ነው?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1996 «ዴቨሎፕመንት» የተባለው የሥነ ሕይወት መጽሔት አንድ ሙሉ እትሙን ለአንዲት ዓሣ ሰጠ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በእትሙ የወጡት 37 የምርምር ጽሑፎች በሙሉ ስለ ዜብራ ዓሣ ነበሩ። ይህች ዓሣ ርዝመቷ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የትውልድ ስፍራዋ የደቡብ እስያ ጅረቶችና የሩዝ ማሳዎች ናቸው፤ በምዕራቡ ዓለም ደግሞ በመስታወት ገንዳ ለቤት ጌጥ የምትሸጥ ርካሽ ዓሣ ሆና ኖራለች። እንዲህ ያለች ፍጡር የአእምሮን አመጣጥ ለመመርመር ዋና መሣሪያ የሆነችበት መንገድ የሳይንስ ታሪክ ብቻ አይደለም። የምርምር ገንዘብ ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ተስፋ ይሰጥ የሚለው ጥያቄም በውስጡ አለ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ትውልድ መሰላቸት ነው ማለት ይቻላል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የዘረመል ፊደል ተነብቦ ሲያልቅ፣ በባክቴሪያና በቫይረስ ላይ ይሠሩ ከነበሩት ሊቃውንት ብዙዎቹ ከባዱን ጥያቄ ፍለጋ ወጡ፤ ከአንዲት የተዳቀለች እንቁላል የነርቭ ሥርዓት እንዴት ይገነባል? ሲድኒ ብሬነር ትልን፣ ሲሞር ቤንዘር የፍራፍሬ ዝንብን መረጡ። ጆርጅ ስትራይሲንገር ግን የጀርባ አጥንት ያለው እንስሳ ካልሆነ አልረካ አሉ።

ስትራይሲንገር በ1927 በቡዳፔስት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው ከናዚዎች አደጋ ሸሽተው ኒው ዮርክ የገቡ ሰው ናቸው። ባክቴሪያን በሚያጠቁ ቫይረሶች ላይ በሠሩት ሥራ ስማቸው ገኖ፣ በ1960 ከታላላቆቹ የምርምር ማዕከላት ርቃ በምትገኘው የዩጂን ከተማ ወደሚገኘው የኦሪጎን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። የጌጥ ዓሣ ማርባት ይወዱ ነበርና ዜብራ ዓሣን ያውቋታል። ሽሏ ከእናቷ ሆድ ውጭ ያድጋል፤ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ስለሚያሳልፍም ማንም በማይክሮስኮፕ ቁልቁል እያየ የሕዋሳቱን ጉዞ መከታተል ይችላል። በአንድ ቀን ውስጥ ልቡ ይመታል፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይፈለፈላል። አንዲት እንስት በአንድ ጊዜ መቶና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች።

ችግሩ ዘዴ አለመኖሩ ነበር። አብዛኛው ጎጂ የዘረመል ለውጥ የሚገለጠው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድን ብልሽት ለማየት ትውልድ በትውልድ ላይ ማዳቀል ያስፈልጋል። ስትራይሲንገር ለዚህ አቋራጭ አበጁ። የወንዱን ዘር በአልትራቫዮሌት ጨረር መትተው ውርሱን አጠፉት፤ ዘሩ እንቁላሏን ከመቀስቀስ በቀር የሚያወርሰው ነገር አልቀረውም። ከዚያም እንቁላሏን በሙቀት ወይም በከባድ የውኃ ግፊት በማስደንገጥ የእናቲቱ ውርስ ብቻውን እጥፍ እንዲሆን አደረጉ። የተሰወረው ብልሽት በአንድ ትውልድ ወጣ። የዚህ ሥራ ውጤት በ«ኔቸር» መጽሔት የታተመው በ1981 ነው፤ ዓሣዎቹ ወደ ቤተ ሙከራው ከገቡ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ነበር። በየሦስት ዓመቱ የታተመ ጽሑፍ የሚቆጥር የዛሬ ገምጋሚ ይህን ፕሮጀክት በመጀመሪያው ዙር ይዘጋው እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ከቀደምቶቹ ዓሣዎቻቸው አንዷ፣ ጥቁር ሰንበሯ የፈዘዘው «ጎልደን»፣ በጎን ልትጠቀስ ይገባታል። ብልሽቷ የትኛው ዘረመል ላይ እንዳለ በ2005 ሲታወቅ፣ የዚያው ዘረመል የሰው አምሳያ የአውሮፓውያንን ቆዳ ካነጡት ዋነኞቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት ደግሞ ይኸው የቆዳ ማንጫ ዓይነት በኢትዮጵያውያንም ዘንድ በብዛት እንደሚገኝ አሳየ። «የነጭ ዘረመል» የሚባል ነገር አለ ብለው ለሚሟገቱ ሰዎች ዓሣዪቱ ያልጠበቁትን መልስ ሰጠች።

ስትራይሲንገር በ1984 በድንገት አረፉ። ሥራቸው ያልሞተው ዓሣውንም ዘዴውንም ለጠየቃቸው ሁሉ ይሰጡ ስለነበረ ነው። የሥራ ባልደረባቸው ቻርልስ ኪመል እያንዳንዱ የሽል ሕዋስ ምን እንደሚሆን ተከታትለው መዘገቡ። ጁዲት አይዘንና ሞንቴ ዌስተርፊልድም በእያንዳንዱ የሕብለ ሰረሰር ክፍልፋይ፣ በቀኝና በግራ፣ በቅርጻቸውና በቦታቸው ተለይተው የሚታወቁ ሦስት የእንቅስቃሴ ነርቮች መኖራቸውን በ1986 አሳዩ። ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ ነርቭ ስምና ስፍራ ካለው፣ አንድ ዘረመል ሲበላሽ የትኛው ነርቭ እንደጠፋ ወይም እንደበዛ መናገር ይቻላል።

ቀጣዩ እርምጃ ዘረመሎቹን በጅምላ መፈለግ ነበር። በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሠርተው በኋላ ኖቤል የተሸለሙት ክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድ በጀርመኗ ቱቢንገን ከተማ፣ ቮልፍጋንግ ድሪቨርና ማርክ ፊሽማን ደግሞ በቦስተን፣ ዓሣዎችን ለውጥ በሚያመጣ ኬሚካል አጋልጠው ዘሮቻቸውን አንድ በአንድ መረመሩ። ያ የ1996 እትም የዚህ ልፋት መከር ነው፤ የቱቢንገኑ ቡድን ብቻ ከ370 በላይ ዘረመሎችን ለይቷል።

በሁለቱም ቤተ ሙከራዎች የተገኘ አንድ ዓሣ ነበር። የቱቢንገን ሰዎች «ነጭ ጅራት» አሉት፤ የቦስተኖቹ ስም ግን ጸንቶ ቀረ፦ «ማይንድ ቦምብ»፣ የአእምሮ ቦምብ። ይህ ሽል የነርቭ እጥረት የለበትም። ይልቁንም ገና በማለዳው የነርቭ ሕዋሳት ይጎርፉበታል፤ በኋላ ሊወለዱ የሚገባቸው የነርቭ ዓይነቶች ግን አይመጡም፤ ሽሉም ይሞታል።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ መጀመሪያው ሰዓት መመለስ ያሻል። የነርቭ ሥርዓት በሚበቅልበት ስስ የሕዋስ ንጣፍ ላይ ጎረቤታም ሕዋሳት ሁሉ ነርቭ የመሆን ችሎታ አላቸው። ጥቂቶቹ «ኒውሮጀኒን» የተባለውን ዘረመል ከሌሎቹ ቀድመው ያነቃሉ። እሱም «ዴልታ» የተባለ ፕሮቲን በገጻቸው ላይ እንዲወጣ ያደርጋል። ዴልታ በአጠገቡ ያለውን ሕዋስ «ኖች» የተባለ ተቀባይ ይይዛል፤ ኖች ሲነካ ይቆረጥና ቁራጩ ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ የጎረቤቱን ኒውሮጀኒን ያዳክማል። ስለዚህ ነርቭ ለመሆን የቀደመው ሕዋስ የመጀመሪያ ሥራው ጎረቤቱን «አንተ ቆይ» ማለት ነው። የቆየውም አይባክንም፤ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ ትእዛዝ፣ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ለመሆን ይጠበቃል።

ማይንድ ቦምብ የሚሠራው መልእክቱን በሚልከው ሕዋስ ውስጥ መሆኑን የአጃይ ቺትኒስ ቡድን በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ2003 አሳወቀ። ዘረመሉ ዴልታ ላይ ምልክት የሚለጥፍ ፕሮቲን ያመነጫል፤ ምልክት የተደረገበትን ዴልታ ሕዋሱ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ጎረቤቱ ላይ ያለው ኖች የሚነቃውም በዚህ ስበት ነው። ማይንድ ቦምብ ሲበላሽ ዴልታ በገጽ ላይ ተከማችቶ ይቀራል፤ ትእዛዙ አይደርስም። የሚከለክለው ስለሌለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነርቭ ይሆናል።

የዚህ ሰንሰለት ጫፍ ያለው ከዓሣው እጅግ ርቆ ነው። ኖች የሚለው ስም የመጣው በ1910ዎቹ በቶማስ ሃንት ሞርጋን የዝንብ ቤተ ሙከራ ከተገኙ፣ የክንፋቸው ጠርዝ ከተሸረፈ ዝንቦች ነው። በ1930ዎቹ ዶናልድ ፖልሰን ኖች የጎደለው የዝንብ ሽል ከልክ ያለፈ ነርቭ እንደሚያበቅል አዩ። ያን ጊዜ ይህ ለማን ይጠቅማል ቢባል የሚመልስ አልነበረም። ዛሬ የኖች ቤተሰብ ብልሽት በሰው ላይ በጎልማሳ ዕድሜ የአንጎል ደም ሥሮችን የሚጎዳ የዘር በሽታ እንደሚያመጣ ይታወቃል፤ የማይንድ ቦምብ የሰው አምሳያ ብልሽትም ከልብ ጡንቻ ሕመም ጋር ተያይዟል።

በ2013 የታተመው የዜብራ ዓሣ ጂኖም ከሰው ዘረመሎች 70 በመቶ ያህሉ በዓሣዪቱ ቢያንስ አንድ አቻ እንዳላቸው አሳየ። በመካከሉ ግን ፍጥነት የራሱን ዋጋ አስከፍሏል። ከ2000 ጀምሮ «ሞርፎሊኖ» የተባለ፣ ዘረመልን ሳይለውጡ ለጥቂት ቀናት ዝም የሚያሰኝ መርፌ ተስፋፋ፤ ዓመታት ይፈጅ የነበረው ሙከራ በሳምንት አለቀ። ዘረመልን በቀጥታ መቁረጥ ሲቻል፣ በ2015 የታተመ ንጽጽር በመርፌው ከታዩት ጉድለቶች 80 በመቶ ያህሉ ዘረመሉ በእውነት በተሰበረባቸው ዓሣዎች ላይ አለመታየታቸውን ገለጸ። ከዚህ ከፊሉ ሽሉ የተሰበረውን በሌላ ዘረመል ማካካስ ስለሚችል መሆኑ በዚያው ዓመት ታውቋል፤ ከፊሉ ግን የመርፌው የራሱ ጉዳት ነበር። በችኮላ የታተመው ሁሉ እንደገና መፈተሽ ነበረበት።

በ1990ዎቹ የተለዩት የዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አሉ። ዩጂን በሚገኘው የዜብራ ዓሣ ዓለም አቀፍ የሀብት ማዕከል የወንድ ዘራቸው በረዶ ሆኖ ይቀመጣል፤ ተመራማሪ ሲያዝም ይላክለታል።