የኤሌክትሪክ ፀጉር መንቀያ (ኤፒሌተር) በቤት ውስጥ፤ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አዲስ አበባ

ኤፒሌተር በሞተር በሚሽከረከሩ ጥቃቅን ወረንጦዎች የሰውነት ፀጉርን ከሥሩ እየነቀለ የሚያወጣ የእጅ መሣሪያ ነው። ምላጭ ፀጉርን ከቆዳ በላይ ይቆርጣል፤ ኤፒሌተር ግን ይነቅላል። ከሐላዋና ከዋክስ የሚለየው ደግሞ የሚቀባ ነገር ስለማይፈልግ ነው። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል። ፀጉርን ለዘለቄታው አያጠፋም፤ ፀጉርን ያወፍራል የሚባለውም እውነት አይደለም።

ስለ አካባቢው

ኮልፌ ቀራኒዮ ከአዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን በከተማዋ ምዕራብ ይገኛል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 428,895 ነዋሪዎች ተቆጥረውበታል፤ ይህም በወቅቱ ከነበሩት አሥር ክፍለ ከተሞች ትልቁ ቁጥር ነበር። አጠና ተራ፣ 18 ማዞሪያ፣ አየር ጤና፣ ቤቴልና ካራ ቆሬ በውስጡ ይገኛሉ።

ቀደምት ዘዴዎች

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊትም ፀጉር ይነቀል ነበር። እሾህ ለማውጣት የሚያዘው የብረት ወረንጦ ቅንድብና አገጭ ለመልቀምም ያገለግላል። በከተማ የውበት ሳሎኖች ቅንድብ በክር ይቀነደባል፤ እግርና ክንድ በሐላዋ ይነሣል። ሐላዋ ስኳርና ሎሚ ከጥቂት ውሃ ጋር ፈልቶ እንደ ማር ሲወፍር የሚሠራ ነው። 

ብዙ ሙስሊም ነዋሪ ባለበት ኮልፌ ጉዳዩ የሃይማኖት መልክም አለው። በአቡ ሁረይራ በተላለፈው ሐዲስ የብብት ፀጉርን መንቀልና የሐፍረትን ፀጉር መላጨት የፊጥራ፣ ማለትም የተፈጥሮ ንጽሕና፣ ክፍል ሆነው ተጠቅሰዋል። በአነስ ቢን ማሊክ የተላለፈውና ሶሒህ ሙስሊም በተባለው የሐዲስ መጽሐፍ የሚገኘው ዘገባ ደግሞ ፀጉሩ ሳይነሣ ከአርባ ሌሊት በላይ እንዳይቆይ ይወስናል። ለብብት መንቀሉ የተመረጠ ነው፤ ሆኖም ሊቃውንት መላጨትንም ፈቅደዋል። ኢማም ነወዊ በሶሒህ ሙስሊም ማብራሪያቸው እንዳሰፈሩት፣ ኢማም ሻፍዒይ ብብታቸውን በፀጉር አስተካካይ ሲያስላጩ ተገኝተው፣ ሱናው መንቀል መሆኑን ቢያውቁም ሕመሙን መቻል እንዳቃታቸው ተናግረዋል። በኢትዮጵያ ሙስሊሞች በስፋት የሚከተሉት የሻፍዒይን መዝሀብ (የሕግ ትምህርት) ስለሆነ ታሪኩ እዚህ ቦታ ይገባዋል፤ ሕመሙን የፈራ ሰው ሊያፍርበት የሚገባ ነገር እንደሌለ ያሳያልና። ቅንድብን መንቀል ግን በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ የተነቀፈ ነው።

አመጣጥና የፓተንት ክርክር

ለገበያ በስፋት የቀረበው የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ኤፒሌተር «ኤፒሌዲ» እንደሆነ በአብዛኛው ይነገራል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 በሰሜን እስራኤል፣ በሃጎሽሪም ኪቡትስ፣ ሜፕሮ ከተባለ ድርጅት ነው። ጫፉ ላይ የነበረው ወረንጦ ሳይሆን ቅስት ሆኖ የታጠፈ የብረት ሞላ ነበር። ሞላው በፍጥነት ሲዞር በቅስቱ ውጫዊ ጎን ያሉት ጥምዝምዞች ይከፈታሉ፤ ወደ ውስጠኛው ጎን ሲደርሱ ይገጥማሉ። በክፍተቱ የገባ ፀጉር ሲገጥም ይያዛል፣ በዙረቱም ይነቀላል።

ብዙም ሳይቆይ ሬሚንግተን የተባለው ኩባንያ በሞላው ፋንታ የተሰነጣጠቀ የጎማ ዘንግ ያለው መሣሪያ አወጣ። ዘንጉም በቅስት ታጥፎ ይሽከረከራል፤ ስንጥቆቹ ይከፈታሉ፣ ይገጥማሉ፤ ሥራው ያው ነው። የኤፒሌዲ ፓተንት ባለመብት ኢምፕሩቨር ኮርፖሬሽን ሬሚንግተንን በበርካታ አገሮች ከሰሰ። የፓተንቱ ጽሑፍ የሚለው «ጠምዛዛ ሞላ» ነው፤ ታዲያ የጎማ ዘንግ በዚህ ቃል ውስጥ ይገባል? እ.ኤ.አ. በ1989 በለንደን ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ሆፍማን ዘንጉ እንደ ሞላው እንደሚሠራ፣ ይህም ለባለሙያ ግልጽ እንደሆነ ተቀበሉ። ነገር ግን ጽሑፉን የሚያነብ ባለሙያ ባለፓተንቱ በሞላ ብቻ መወሰን እንደፈለገ ይረዳል ብለው ለሬሚንግተን ፈረዱ። የጀርመን ፍርድ ቤቶች ግን ያንኑ የአውሮፓ ፓተንት በዚያው የአውሮፓ የፓተንት ስምምነት መሠረት ተርጉመው በመጨረሻ ለኢምፕሩቨር ወሰኑ። ሆፍማን ያስቀመጧቸው ሦስት መመዘኛ ጥያቄዎች የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በሌላ ክርክር እስካሻሻላቸው ድረስ የአገሪቱ የፓተንት ሕግ መለኪያ ሆነው ቆይተዋል። ከመታጠቢያ ቤት ዕቃ እንዲህ ያለ የሕግ መዘዝ መምጣቱ ብርቅ ነው።

ሞላው በኋላ ለዲስክና ለወረንጦ ቦታውን ለቀቀ። ዛሬ ስማቸው የሚታወቀው የብራውን ሲልክ ኤፒልና የፊሊፕስ ሳቲኔል ናቸው፤ የብራውን ሞዴሎች እንደየደረጃቸው ከ20 እስከ 40 ወረንጦ ይይዛሉ።

መብራትና ውሃ

የኢትዮጵያ የቤት መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ዕቃ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመሰካቱ በፊት ቻርጀሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብ። «100–240» ካለ የሶኬት አዳፕተር ይበቃዋል፤ 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር ይቃጠላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ባትሪ ያለው ይመረጣል። ውሃ ውስጥ እንዲሠሩ ከተፈቀዱት ባለባትሪ ሞዴሎች በስተቀር ማናቸውም ወደ ውሃ መቅረብ የለበትም፤ በገመድ የሚሠራ ማሽን እርጥብ ወለል ላይ ሊገድል ይችላል።

አጠቃቀም

መታጠቢያ ቤት የጋራ በሆነበት ግቢ ሥራው ክፍል ውስጥ፣ ከሳፋ በሞቀ ውሃ ታጥቦ ሊሠራ ይችላል። ሙቀቱ ቆዳውን ያላላዋል። በደረቅ ለሚሠራ ማሽን ቆዳው ፈጽሞ መድረቅ አለበት፤ ቅባትም ሊኖረው አይገባም፤ ቅባት ያለበት ፀጉር ከወረንጦው ያመልጣል። የፀጉሩ ርዝመት ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ረዘም ያለው አስቀድሞ በመቀስ ይስተካከል፤ ያለበለዚያ ማሽኑ እየጎተተ ያሳምማል።

ጀማሪ ከጉልበት በታች፣ በዝቅተኛው ፍጥነት ይጀምር። በአንድ እጅ ቆዳው ይወጠራል፣ በሌላው ማሽኑ ቀጥ ብሎ ተይዞ ፀጉሩ ከሚያድግበት አቅጣጫ በተቃራኒ ሳይጫኑ በዝግታ ይሄዳል። መቸኮል ፀጉሩን ከመንቀል ይልቅ ይሰብረዋል፤ ይህም በኋላ ጣጣ ያመጣል። ብብት ላይ ፀጉር በተለያየ አቅጣጫ ስለሚያድግ ክንድ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ቆዳው በደንብ ተወጥሮ፣ አቅጣጫው እየተቀየረ ይሠራል። ከሥር የተነጠፈ አሮጌ ነጠላ ላይ የወደቀውን ፀጉር አይቶ ሥሩ ነጭ ሆኖ መውጣቱን ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሥር የሌለው ቁራጭ ከበዛ እጅ መዘግየት አለበት።

በጥቂት ቀን ውስጥ አዲስ ፀጉር ብቅ ማለቱ የማሽኑ ጉድለት አይደለም። ፀጉር ሁሉ በአንድ ጊዜ አያድግም፤ ያን ዕለት ከቆዳ በታች የነበረው በተራው ይወጣል። ሕመሙ የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ላይ ይበረታል፣ እየተደጋገመ ሲሄድም ይቀንሳል። ማታ ቢሠራ መቅላቱና ማቃጠሉ አብዛኛውን ጊዜ እስኪነጋ ይበርዳል።

ቆዳችንና ማሽኑ

የብዙ ኢትዮጵያውያን ፀጉር ጥምዝ፣ ቆዳቸውም ጠይም ነው። ለዚህ ቆዳ ትልቁ ጣጣ ሕመሙ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚያድግ ፀጉር ነው። ከቆዳ በታች የተሰበረ ጥምዝ ፀጉር ሲያድግ ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል፤ ቦታው ያብጣል፣ አንዳንዴም መግል ይይዛል። ሲድን ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱም ለወራት ሊቆይ ይችላል። በመርፌ እየቆፈሩ ማውጣት ጠባሳውን ያብሳል። ቁስሉ ሲድን እያበጠ ጠባሳ የሚያወጣበት ሰው (ኬሎይድ የሚባለው) ከማሽኑ ቢርቅ ይሻላል። ሌላው ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ጥቂት ቀን ቢጠብቅ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላም ቆዳውን በሻካራ ጨርቅ በስሱ ቢያሽ ይጠቅመዋል።

አንድ ልማድ በተለይ ሊነሣ ይገባዋል። ለሽታ ተብሎ ብብት ላይ ሎሚ የሚያሹ አሉ። ፀጉሩ በተነቀለበት ቀን ሎሚ፣ ሽቶና ዲኦድራንት ያቃጥላሉ፤ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ ፀሐይ ሲነካው ቆዳን አቁስሎ ሊያጠቁር ይችላል። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል።

የስኳር ሕመም፣ ያበጡ የደም ሥሮች ወይም የቆዳ ኪንታሮት ያለበት፣ እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ ወይም ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚወስድ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ለማድያት ወይም ለመቅላት ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀባ ስቴሮይድ ክሬም ቆዳን ያሳሳል፤ እንዲህ ባለ ቆዳ ላይ ማሽኑ ሊያቆስል ይችላል። ሴት አገጯ ላይ ጠንካራ ፀጉር ካበዛች፣ የወር አበባዋም ከተዛባ፣ መነሻው የሆርሞን ሊሆን ስለሚችል ከመንቀል በፊት መመርመር ይቀድማል።

ማሽንን መዋዋስ

ነቅሎ ያለፈበት ቦታ ላይ የደም ነጠብጣብ መታየቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ማሽኑ እንደ ምላጭ የአንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት፤ ለእኅትም ለጎረቤትም አይዋስ። ሄፓታይተስ ቢ በጥቃቅን የደም ቅሪት ሊተላለፍ የሚችል በሽታ ነው። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ የማሽኑ ጫፍ ተፈትቶ በብሩሹ ይጸዳል፣ በአልኮልም ይጠረጋል።

ዋጋ

ዕቃው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ከውጭ ምንዛሪ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። የብር ምንዛሪም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ስለተለቀቀ ቋሚ ዋጋ መጥቀስ ያስቸግራል።

ሕክምና

በክፍለ ከተማው፣ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ሲሆን ዛሬ በቆዳ ሕክምና የታወቀ ሆስፒታል ነው። ከተነቀለ በኋላ መቅላቱ ከሦስት ቀን ካለፈ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካስከተለ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ከዚያም ካስፈለገ ሪፈር ተጽፎ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል። አስመጪዎችም ስለ ጥምዝ ፀጉርና ስለ ጠይም ቆዳ የሚያስጠነቅቅ የአማርኛ መመሪያ ከዕቃው ጋር ቢያያይዙ ብዙ ጠባሳ ያስቀራሉ።