«ልዩነት አልታየም» ማለት «እኩል ነው» ማለት አይደለም

ሁለት ነገሮች እኩል መሆናቸውን በስታቲስቲክስ ማስረዳት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ የመድኃኒት ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒት በእኩል መጠን ቢሰጥም፣ ወደ ደም የገባው መጠን እንደየአሠራሩ እስከ 7 እጥፍ ተለያይቶ ተገኘ። ይህ መድኃኒት ሲያንስ አያድንም፤ ጥቂት ሲበዛም ይመርዛል።

የተለመደው የስታቲስቲክስ ፈተና የሚነሣው «ልዩነት የለም» ከሚል ግምት ነው። ስለዚህ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ደካማ ሙከራ፣ እውነተኛውን ልዩነት ሳያይ ቀርቶ «እኩል ናቸው» ሊያሰኝ ይችላል። በዚህ ዐይነት ስንፍና ይሸለማል፤ ጉዳቱም በበሽተኛው ላይ ይወድቃል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ባልደረባ የነበረው ዶናልድ ሹየርማን፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ የተሻለውን መንገድ አሳየ። በዚህ ዘዴ መነሻው ግምት «ይለያያሉ» የሚል ሲሆን፣ እኩልነት የሚፈረደው ልዩነቱ ከታችኛውም ከላይኛውም ወሰን እንደማያልፍ በሁለት ፈተናዎች ሲረጋገጥ ብቻ ነው። የማስረዳቱ ሸክም እኩል ነው በሚለው ወገን ላይ ዐረፈ። ዛሬ ለአብዛኞቹ መድኃኒቶች ወሰኑ ከ80 እስከ 125 በመቶ ነው።

ይሁን እንጂ ወሰኑን ቀመር አይሰጥም። መሐንዲስ ለሥራው የሚፈቀደውን የልክ ስሕተት አስቀድሞ እንደሚወስን ሁሉ፣ ምን ያህል ልዩነት ያለ ጉዳት እንደሚታለፍ ከመለካት በፊት መወሰን የባለሙያው ኀላፊነት ነው።